ትሬነር ስትመርጡ ጡንቻውን ሳይሆን ጥያቄውን እዩ



የሰርግ ወር በተቃረበ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚሞላው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዶክተር፣ ቦርጬን ቶሎ የሚያጠፋልኝ ትሬነር ጠቁመኝ።» «ቡት ካምፕ ልመዝገብ ወይስ የግል አሰልጣኝ ልያዝ?» የማንንም ስም አልጠቁምም። እንዴት እንደሚመረጥ ግን ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ፤ ዛሬ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ። ባለታሪኳን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፤ ማንነቷን የሚገልጹ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

በ30ዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ሥራዋ ቢሮ ቁጭ ብሎ መዋል ነው፤ ትምህርት ከጨረሰች ወዲህ ስፖርት ሰርታ አታውቅም። የእህቷ ሰርግ ደርሷል፣ እሷ ሚዜ ናት፣ ቀሚሱ ደግሞ አልገባ ብሏል። ቡት ካምፕ ተመዘገበችና የ3 ወር ክፍያ በአንዴ ከፈለች። የመጀመሪያው ቀን ከ30 ሰው ጋር ተሰልፋ ስኳት፣ ቡርፒ፣ ዝላይ... አንድ ሰዓት ሙሉ ሰራች። እግሯ ሲንቀጠቀጥባት ቆም አለች። አሰልጣኙ በሰው ሁሉ ፊት «ካላመመሽ አልሰራሽም!» አላት። አፈረችና ቀጠለች።

በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃታት። ፋርማሲ ሄዳ ዳይክሎፌናክ ገዛችና ዋጠች። ከዚያ ተመልሳ ሄደች፤ ገንዘቡ ተከፍሏላ! በ3ኛው ቀን ጭኗ አብጦ፣ ሽንቷ ኮካ መስሎ እኔ ጋ መጣች።

ይህ ችግር ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ስሙ ይከብዳል፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ያልለመደ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሲሰራ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። በውስጣቸው ያለው ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት እሱን ለማጣራት ሲታገል ይጎዳል። ሽንቱን የሚያጠቁረውም እሱ ነው። በሙቀት ወይም ውሃ ሳይጠጡ መስራት ያብሰዋል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ለተጨነቀ ኩላሊት ተጨማሪ ሸክም ናቸው። ሲከፋ እስከ ኩላሊት እጥበት ያደርሳል፤ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል።

እሷ ቶሎ በመምጣቷ ተረፈች። ሆስፒታል ተኝታ በደም ስር ፈሳሽ ተሰጣት፤ ኩላሊቷም ተመለሰ። ከሆስፒታል ስትወጣ ያለችኝ ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ዶክተር፣ ከእንግዲህ ስፖርት በሚባልበት አካባቢ ድርሽ አልልም።»

እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። እናቷ ስኳርም ግፊትም አለባቸው፤ የእሷም ግፊት ከፍ ማለት ጀምሯል። ለእንደሷ ዓይነት ሰው እንቅስቃሴ ማለት መድኃኒት ነው። ያ አሰልጣኝ ሁለቴ ነው የጎዳት፤ አንዴ ኩላሊቷን፣ አንዴ ፍላጎቷን። ኩላሊቷ በሳምንት ውስጥ ዳነ። ፍላጎቷ እስኪመለስ ግን ከዓመት በላይ ፈጀ።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ጥሩ አሰልጣኝ የሚታወቀው ላብ ከማስወጣቱ በፊት በሚጠይቃችሁ ጥያቄ ነው። የቲክቶክ ተከታዩ፣ የክንዱ ውፍረት፣ «በፊት እና በኋላ» የሚለው ፎቶ ሁለተኛ ነገር ነው። የእሱ ጡንቻ የሚነግራችሁ ስለ እሱ ሰውነት ነው፤ ስለ እናንተ ምንም አያውቅም። ስለ እናንተ የሚያውቀው ከጠየቃችሁ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ምን ሊጠይቃችሁ ይገባል?

1. «ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ችግር ወይም አስም አለባችሁ? ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን አሟችሁ ወይም ራሳችሁን ስታችሁ ታውቃላችሁ?» ለዚህ «አዎ» ካላችሁ ጥሩ አሰልጣኝ «መጀመሪያ ሐኪም አናግሩ» ይላል። ግፊቱ ቁጭ ብሎ ሲለካ 180/110 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሳይታከም ከባድ ስፖርት መጀመር የለበትም።

2. «ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታካሚ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በባዶ ሆዱ መጥቶ ቢዘል ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት መለካት፣ ኪሱ ውስጥም ከረሜላ ወይም ስኳር መያዝ አለበት።

3. «ጉልበት፣ ወገብ፣ የድሮ ስብራት?» ሴቶች ከሆናችሁ ደግሞ «እርጉዝ ነሽ? ወልደሽ ስንት ጊዜሽ ነው? በኦፕራሲዮን ነው የወለድሽው?» ይህ ሚስጥር መፈልፈል አይደለም። ገና ከወለደች እናትና ከ20 ዓመት ወጣት አንድ ዓይነት ሥራ አይጠበቅም።

4. «ለመጨረሻ ጊዜ ስፖርት የሰራችሁት መቼ ነው?» የኔ ታካሚ ይህችን አንዲት ጥያቄ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ ሆስፒታል አትተኛም ነበር።

5. «ጾም ላይ ናችሁ? ዛሬ ምን በላችሁ፣ ምን ጠጣችሁ?» በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የግድ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው፣ ረመዳን የያዘ ሰው ሰዓቱም መጠኑም ሊቀየርለት ይገባል።

«ግን ዶክተር፣ ሕዝቡ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ አንተ ደግሞ ጭራሽ ታስፈራራዋለህ» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፣ ከስፖርት ይልቅ ቁጭ ብሎ መዋል ነው በብዛት የሚገድለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ይህን ለመጀመር አብዛኛው ሰው ትሬነርም ዶክተርም አያስፈልገውም። «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር አስፋልት ላይ ወጥተን በነፃ ኤሮቢክስ ሰርተን የለ? ስለዚህ እኔ የምቃወመው እንቅስቃሴን አይደለም። ዓመታት ቁጭ ብሎ ከርሞ በአንድ ቀን ወታደር ለመሆን መሞከርን ነው።

ቡት ካምፕም በራሱ መጥፎ አይደለም። ከግል አሰልጣኝ ይልቅ ዋጋው ይቀንሳል፣ ጓደኛ ይገኝበታል፣ «ዛሬ ለምን ቀረሽ?» የሚል ሰው አለ። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ዳር ቆማችሁ እዩ። አሰልጣኙ የሰዎቹን ስም ያውቃል? መዝለል ላልቻለ ሰው ቀለል ያለ አማራጭ ይሰጣል? የተሳሳተ አቋም ያርማል ወይስ ማይክ ይዞ ይጮሃል ብቻ? ሰው ሲደክመው ያሳርፈዋል ወይስ ያሳፍረዋል? በኔ እምነት የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

ትምህርቱንም ጠይቁ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስፖርት ሳይንስ የተማሩ ልጆች አሉ። «የት ተማርክ?» ሲባል የሚቆጣ አሰልጣኝ መልሱን ሰጥቷችኋል።

እነዚህን ካያችሁ ደግሞ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ፦

«በ1 ወር 15 ኪሎ አስቀንሳችኋለሁ» የሚል። «የግፊት ኪኒንህን ተወው፣ ስፖርት ይበቃሃል» የሚል። ዱቄት፣ ኪኒን ወይም መርፌ የሚሸጥላችሁ፤ በተለይ ወጣት ወንዶች፣ ጡንቻ ቶሎ የሚያሳብጠው ስቴሮይድ የዘር ፍሬን ያኮማትራል፣ መካን ሊያደርግ ይችላል፣ ልብና ጉበትንም ይጎዳል። ደግሞም ሳይጠይቅ የሚነካ። እህቶቼ፣ አቋም ለማስተካከል መንካት ቢያስፈልግ እንኳ «ልንካሽ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። ደስ ካላለሽ ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብሽም።

ስትጀምሩ መጠኑን በምን ታውቃላችሁ? በወሬ! እየሰራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛው ልክ ላይ ናችሁ። ሁለት ቃል ለመናገር ትንፋሽ ካጠራችሁ ለጀማሪ በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗንም አትርሱ፤ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ማለት አለበት። እንጦጦ ላይ የሚሰራ ደግሞ ይበልጥ።

ከስፖርት በኋላ የጡንቻ ሕመም መኖሩ ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይጠነክራል፣ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ነገር ግን ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ጡንቻው ካበጠ ወይም ከዛለ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ማስታገሻ አትዋጡ፤ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ደረት መጨምደድ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት ካለ ደግሞ አንዲት ደቂቃ አትጠብቁ።

ያቺ ታካሚዬስ? ባለፈው ለክትትል መጥታ ነበር። አንዲት አሰልጣኝ ጋ ጀምራለች። የመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ወንበር አምጥታ ግማሽ ሰዓት ጥያቄ ስትጠይቃት ቆየች፣ ግፊቷን ለካችላት፣ ከዚያ ከወንበር 8 ጊዜ አስነስታ አስቀመጠቻትና «ለዛሬ ይበቃል፣ ሐሙስ ነይ» አለቻት።

«ዶክተር፣ በውስጤ ተናድጄ ነበር፤ ገንዘቤን የበላችኝ ነው የመሰለኝ» አለችኝ እየሳቀች። «ግን ሐሙስ ሄድኩ። አሁን 5ኛ ወሬን ይዣለሁ።»

እኔ ጥሩ ትሬነር የምለው ይሄን ነው፤ ሐሙስም ተመልሳችሁ እንድትመጡ የሚያደርግ።

ለመመዝገብ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ከመክፈሉ በፊት ይህን ሼር አድርጉለት። እናንተስ የመጀመሪያው ቀን ምን ተጠየቃችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!