ሜዳው ይመረመራል፤ መንገዱስ?

ሰኔ 2014 ዓ.ም ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው! ምክንያቱ ለስፖርት ቤተሰቡ አዲስ አይደለም። ካፍ የአገራችንን ስታዲየሞች በመመዘኛው አይቶ "አይሆንም" ብሏል። ነገሩ ቢያንገበግብም አንድ ትምህርት ሰጥቷል፤ ሜዳ የሚለካው በፍቅር ሳይሆን በመመዘኛ ነው።

ድሬዳዋ ይህን ለማወቅ ቅርብ ናት። በ1968 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ዛየርና ሱዳን የተፋለሙት በድሬ ሜዳ ነው። እሺ፣ ሜዳው ተመረመረ እንበል። ከከተማዋ ወደ ገጠር የሚወጣውን፣ እግረኛውና ብስክሌተኛው በየቀኑ "የሚጫወትበትን" መንገድስ ማን ፈትሾት ያውቃል?

ድሬ እኮ የብስክሌት ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳማ ነው፤ ባጃጅ ሳይነግሥ በፊት ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ይመላለስ ነበር። በአገር ደረጃም ብስክሌት የትናንት ስፖርት አይደለም። በ1949 ዓ.ም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ሜልቦርን ላይ ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ታዲያ የድሬ ልጅ ብስክሌቱን ይዞ ወዴት ይውጣ?

በብስክሌት ዓለምን የሚመሩት ሆላንዶች መንገድን በአምስት ነገር ይመዝናሉ፦ ሳይቆራረጥ ይያያዛል ወይ? ቀጥተኛ ነው? ከአደጋ የራቀ ነው? ይመቻል? ደስ ይላል? በእነዚህ ጥያቄዎች የድሬን ሦስት መውጫዎች ብንመዝንስ?

አንደኛው ደንገጎ ነው። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የሐረማያ ደጋ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ለብስክሌተኛ ከዚህ የተሻለ የዳገት ልምምድ የት ይገኛል? እይታውም ልብ ይሰርቃል። ለማራኪነት ሙሉ ነጥብ! ለደህንነት ግን ቀይ ካርድ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪናና ብስክሌት አንድ አስፋልት ይጋፋሉ። ኩርባው ላይ ዳኛ የለም፤ የሚወድቀው ሁልጊዜ ትንሹ ነው።

ሁለተኛው ደቻቱ ነው። በበጋ አሸዋው ሰፊ ጎዳና ይመስላል፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ይሁንና በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ማስጠንቀቂያና መውጫ የሌለው አሸዋ ምንም ቢለሰልስ መንገድ አይባልም።

ሦስተኛው የድሮው ባቡር ሐዲድ ነው። በ1895 ዓ.ም ድሬን የወለዳት ይኸው ሐዲድ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በኩል፣ በሁርሶና በኤረር አቅጣጫ፣ አሮጌው ባቡር መሄድ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሐዲድ ሲዘረጋ ቀጥና ረጋ ያለ ዳገት ተመርጦለት ስለሆነ ለብስክሌት የተሠራ ይመስላል። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተተዉ ሐዲዶቿን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ እያደረገች ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አድርሳለች። የኛ ግን ጠጠሩ ጎማ ይበላል፣ ድልድዩ የተሠራው ለባቡር ነው፣ ጥላም ውሃም የለም። የከዚራ ዛፎች የሚያበቁት ከተማዋ ሳታበቃ ነው። አቦ፣ በድሬ ፀሐይ ጥላ ቅንጦት ነው እንዴ?

አገሪቱ ወረቀት አላጣችም። በ2011 ዓ.ም "መንገድ ለሰው" ተብሎ ጎዳናዎች ለቀን ያህል ከመኪና ነጻ መሆን ጀምረዋል። በ2012 ዓ.ም የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የ10 ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። ከወረቀቱ ወደ ደንገጎ ያለው ርቀት ነው የረዘመው።

ለመጀመር ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። የከተማው አስተዳደር፣ የስፖርት ቢሮውና የብስክሌት ወዳጆች ደብተር ይዘው አንድ ቅዳሜ ይውጡ፤ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሳይሆን በእግርና በብስክሌት። የት ይቆራረጣል? የት ውሃ አለ? የት ኩርባው ዓይን ይጋርዳል? ነጥብ ይስጡ፣ ለሕዝብም ይግለጹ።

ዋናው ዳኛ ደግሞ ቱሪስት አይሁን። ወደ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ወይም ወደ ለገ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች የሚሄድ እንግዳ መንገዱ ባይመቸው ሌላ አገር ይመርጣል። ገና ሳይነጋ ሸክሟን ይዛ በእግሯ ቀፊራ ገበያ የምትወርደው የገጠር እናት ግን ምርጫ የላትም። እሷ እኩለ ቀን ላይ ልጇን አዝላ ያለ ፍርሃት ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ ለብስክሌተኛውም፣ ለሯጩም፣ ለእንግዳውም ይሆናል። እሷን የጣለ መንገድ ግን ምንም ያህል ቢያምር ፈተናውን ወድቋል።

ካፍ ሲከለክለን የተሰደደው ጨዋታ ነው። እዚህ የሚጠፋው ነፍስ ነው። የትኛው ፍተሻ ይቅደም?