የከርሰ ምድር ውሃ አባት ያስፈልገዋል

በምዕራብ ጎጃም ገበሬ ዘንድ ወንዝ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ከልማዱ ጋር አብሮ የኖረ አንድ የአመራር ሥርዓትም አለ፤ ይኸውም የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት በተጠቃሚዎቹ ተመርጦ የጠለፋውን ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራ የሚያወጣ፣ ተራ ዘሎ ቦይ የሰበረውንም የሚዳኝ ነው። በዚህ ሥርዓት ድሀውም ሀብታሙም ቀኑን ጠብቆ ያጠጣል። ይህ ሊሠራ የቻለው ግን ውሃው በዓይን የሚታይ በመሆኑ ነው። ከላይ ያለው ሲያስቀር ከታች ያለው ወዲያው ያውቃል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ይህ ዕድል የለውም። ሲቀንስ አይታይም፤ ማን እንደቀዳውም አይታወቅም። በመሆኑም እስከ ዛሬ አባት የለውም።

እንደሚታወቀው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር ዝናብ የነሣው አገር አይደለም። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ይሁን እንጂ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ በመሆኑ የበጋው ኑሮ የተመሠረተው መሬቱ ውጦ ባስቀረው ውሃ ላይ ነው። ይህ ውሃ የሚገኘው ከቀይ አፈሩ በታች ባለው በተፈረካከሰው የጥቁር ድንጋይ ንብርብርና ከዚያም ዝቅ ብሎ ባለው ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ነው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚደርሰው ላይኛውን ብቻ ስለሆነ በሚያዝያና በግንቦት ገመዱ እየረዘመ፣ ባልዲውም ጭቃ እየዛቀ ይመጣል። ልናሰምርበት የምንፈልገው ዐቢይ ነጥብ ግን ጉድጓዱ፣ ምንጩና ወንዙ የተለያዩ ውሃዎች አለመሆናቸውን ነው። ላህም ሆነ ብር፣ ፈጣምም ሆነ ሌላው ወንዝ ዝናብ በሌለበት በየካቲት የሚፈሰው ከዚሁ ከመሬት ውስጥ በሚወጣ ውሃ ነው። ከጉድጓድ ያለ ልክ የተሳበው የግርጌውን ምንጭ፣ ምንጩም ወንዙን ያጎድላል።

እነሆ በዚህ ሁኔታ ላይ መሣሪያው ተለወጠ። ትናንት በገመድና በባልዲ ይቀዳ የነበረው ጉድጓድ ዛሬ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ አልፎ አልፎም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ይተከልበታል። የመሣሪያውን መሻሻል የምንቃወም አይደለንም። በርበሬና ሽንኩርት፣ በበጋም ስንዴ የሚያለማ ገበሬ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። በሰከንድ 2 ሊትር ብቻ የሚስብ አንድ ትንሽ ፓምፕ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 43,200 ሊትር ያወጣል። ለገጠር ነዋሪ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። የአንድ ፓምፕ የአንድ ቀን ሥራ እንግዲህ የ1,728 ሰው የዕለት ውሃ ማለት ነው። መሣሪያው ተለውጦ የአጠቃቀም ሥርዓቱ በባልዲ ዘመን ከቀረ ውሃው በስም የሁሉም ሆኖ በተግባር የፓምፕ ባለቤት ንብረት ይሆናል። ፓምፕ መግዛት ያልቻለችው መበለት ጉድጓዷ ሲነጥፍ የምትከሰው ሰው እንኳ የላትም።

ጥያቄው የገጠሩ ብቻ አይደለም። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ለአካባቢው ወጣት የሥራ በር፣ ለገበሬውም የገበያ በር መሆኑ ታምኖበታል። ፋብሪካ ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም። የፋብሪካው ሠራተኛም ከፈረቃ ሲወጣ የሚጠጣውና የሚታጠብበት ውሃ ይሻል። ፋብሪካው፣ የከተማው የውሃ አገልግሎትና የአጎራባቹ ቀበሌ ገበሬ በአንድ ንብርብር ላይ ጉድጓድ ቢቆፍሩና ሦስቱም በየፊናቸው መዝገብ ቢይዙ፣ ወይም ከነጭራሹ ባይዙ፣ ቅራኔው የሚፈነዳው ቦኖ ላይ በሚሰለፈው ጀሪካን ዘንድ ነው።

ሕጉ ስለዚህ ምን አለ? በ1992 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ለመጠጥና ለቤት ፍጆታም ቅድሚያ እንደሚሰጥ ደነገገ። ውሃ ለሚጠቀሙም የፈቃድ ሥርዓት አበጀ። ሆኖም በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድን ከፈቃድ ነፃ አደረገ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ እናት ለልጇ ውሃ ለመቅዳት ቢሮ መመላለስ የለባትም። ነገር ግን በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ሞተር ሲተከል ለድሀ የተተወችው ቀዳዳ የባለ ሞተሩ ማለፊያ ትሆናለች።

«ጉድጓዱን የቆፈርሁት በገዛ ጉልበቴ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የጉልበቱ ፍሬ ግን ጉድጓዱ ነው። ውሃው ከጎረቤት ማሳ ሥር ተንሸራቶ የመጣ፣ ማንም ያልቆፈረው ሀብት ነው።

ቸልተኝነት የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ፣ በዙሪያውም ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመልሶ ቢታይበትም ሐረር ግን በዚያ መካከል ከድሬዳዋ አቅጣጫ በሩቅ ቧንቧ ውሃ ማስመጣት ግድ ሆኖባታል። ሐይቁን ብቻውን ያደረቀው ማንም አልነበረም። እያንዳንዱ ትንሽ ወሰደ፤ ደለሉም በበኩሉ ሞላው፤ ድምሩን የሚይዝ ግን አልነበረም።

ድምሩን መያዝ ደግሞ ከሕዝቡ ዐቅም በላይ አይደለም። በአጎራባቹ አዊ፣ በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ፣ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን እየለኩ መዝግበዋል። መዝገቡ ሲመረመር ለሳይንሳዊ ሥራ የሚበቃ ሆኖ ተገኝቷል። «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» እያሉ ሕዝቡን ከልኬት የሚያርቁ ወገኖች ይህን ቢያስተውሉት መልካም ነው። ባለሙያ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ይሁንና የአባይን ተፋሰስ እንዲመራ ተቋቁሞ የነበረው ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም በተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተጠቃሏል፤ ያም በ2014 ዓ.ም በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ገብቷል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ አንሥቶም በክልሉ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት የባለሙያውን እግር አሳጥሯል። መሥሪያ ቤት ሲታጠፍና መንገድ ሲዘጋ መዝገቡ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ጉድጓዱ አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው።

የምንጠይቀው ቀላል ነው። በየቀበሌው ከውሃ ኮሚቴው ጋር የሚሠራ የጉድጓድ መዝገብ ይከፈት። ሞተር የተተከለበት ጉድጓድ ሁሉ፣ የገበሬም ይሁን የፋብሪካ፣ ጥልቀቱና በቀን የሚስብበት ሰዓት ይጻፍ። ከየመንደሩ ጥቂት ጉድጓዶች ተመርጠው በሳምንት አንድ ቀን፣ ንጋት ላይ ማንም ሳይቀዳ፣ ከአፉ እስከ ውሃው ያለው ርቀት በሜትር ይለካ። አዲስ ፓምፕ ሲተከል እርሱ እየሳበ ሳለ የጎረቤቱ ጉድጓድ ይለካ፤ ጎረቤቱ ከወረደ ተራ ይውጣ። የፋብሪካና የከተማ ጥልቅ ጉድጓዶች ልኬትም ለሠራተኛውና ለነዋሪው ስብሰባ ይቅረብ እንጂ በመሳቢያ አይቆለፍ። ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት የከርሰ ምድር ውሃ አባት መዝገቡን ይዞ ይዳኝ። ሴቶች ይመረጡ፤ ውሃው መቼ እንደወረደ ቀድሞ የሚያውቀው ገመድ የሚጎትተው ነውና።

የመጀመሪያው ልኬት ዝናቡ እንዳበቃ፣ ጉድጓዶች በሞሉበት በጥቅምት መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል። የሚያስፈልገውም አንድ የሜትር ገመድ፣ አንድ ደብተርና እስከ ሰኔ ድረስ ሳምንት የማያጓድል ሰው ነው።