ደረጃውና አንበሳው

መርካቶ ውስጥ አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር አቧራው እኔ ከምሠራበት ባንክ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። «ይሄ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚሉ ወዳጆቼን ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጃፍ ባቆማቸው እወዳለሁ።

ቤቱ በ1920ዎቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ተሠራ። በወረራው ዘመን ግራዚያኒ ገባበት፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግቢው ቦምብ ተወረወረበት፤ የከተማው ሕዝብም ተጨፈጨፈ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መኳንንትና ሚኒስትሮች በአረንጓዴው ሳሎን ተረሸኑ። በ1954 ዓ.ም. ያው ቤት የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሆነ። ንጉሥ፣ ወራሪ፣ ሬሳ፣ ተማሪ፤ ሁሉንም አንድ ግድግዳ አስተናገደ።

ከፊቱ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ አንሥተው ለየዓመቱ አንድ እርከን የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ ከዚህ የበለጠ ቅኔ አላውቅም፤ ሰሙ የጠላት፣ ወርቁ የእኛ። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ አንበሳው በምን ላይ ይቆም ነበር?

አዲስ ፎቅ አልጠላም። ነገር ግን በአሮጌ ግድግዳ ላይ የማፍረሻ ምልክት ከመቀባታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ አንበሳችንን የምናቆምበት ደረጃ ይህ ቢሆንስ?