ላም ስትወልድ የምንጨምርባት ጭንቀት

በአዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከፎቆች ጀርባ በቀረች ጠባብ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልድ አንዲት ድቅል ጊደር ለማየት በሌሊት ተጠርተን ነበር። ስንደርስ በቆርቆሮው በረት ውስጥ ሰባት ስምንት ሰዎች ባትሪ እያበሩ ቆመዋል፤ ሁለቱ በጥጃው እግር ላይ ያሰሩትን ገመድ ይስባሉ። የውሃው ከረጢት ከፈነዳ ግን ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር። ጥጃው በሕይወት ወጣ፤ ነገር ግን እስከ ንጋት ሊቆም አልቻለም፣ ጡትም አልያዘም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ቤተሰቡ ይህን ያደረገው ለጊደሯ አዝኖ ነው። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የባለሙያዎች፣ ማለት የእኛው ነው። የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ይልቁንም በ1960ዎቹ ሆለታና ባኮን በመሳሰሉት ጣቢያዎች የቦረናና የሆሮ ላሞችን ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር የማዳቀል ሥራ ከተጀመረ በኋላ፣ ስለ ማዳቀል፣ ስለ መኖና ስለ ወተት ብዙ አስተምረናል። ላሟ ስለምትወልድበት ሰዓት ያስተማርነው ግን ጥቂት ነው።

ምጥ በራሱ ጭንቀት ነው፤ ይህ ጭንቀት ግን ሥራ አለው። የመውለጃው ጊዜ ሲደርስ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በፅንሱ ደም ውስጥ ይጨምራል። ምጡን የሚያስጀምረውም፣ ሳንባውን ለመተንፈስ የሚያዘጋጀውም ይኸው ነው። በወሊድ ጊዜ የሚመነጩት አድሬናሊንና መሰሎቹም ከሳንባው ፈሳሽ እንዲወገድና ሰውነቱ እንዲሞቅ ይረዳሉ።

ጉዳቱ የሚመጣው እኛ በምንጨምረው ጭንቀት ነው። ላም ልትወልድ ስትል ገለል ማለት ትፈልጋለች። ግርግርና መብራት ሲያስደነግጧት አድሬናሊን በደሟ ይበዛል፤ ማኅፀንን የሚያኮማትረው የኦክሲቶሲን ሥራ ይዳከማል፤ ምጡም ይጓተታል። ሰዎቹ ምጡ ዘገየ ብለው ይስባሉ፤ ያዘገየው ግን የእነርሱው መሰብሰብ ሊሆን ይችላል። ያለ ጊዜው በጉልበት የተሳበ ጥጃ አየር ሊያጥረው፣ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ፣ ለመቆምና ለመጥባትም ሊዘገይ ይችላል። ጥጃ የበሽታ መከላከያን በማኅፀን ሳለ አይወርስም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ይህን የመቀበል ችሎታው በየሰዓቱ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ያበቃል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ጥድፊያ ጥጃውን ከቀናት በኋላ ሊገድለው ይችላል።

ይህን ስንል እጅን አጣምሮ መጠበቅ ይበቃል ማለታችን አይደለም። ዳሌዋ ጠባብ የሆነ ጊደር ከትልቅ ዝርያ ኮርማ ስታረግዝ በወሊድ መቸገሯ የታወቀ ነው፤ እርዳታ መዘግየቱም ይገድላል። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

ሀ) ምጥ የያዛት ላም ጭድ በተጎዘጎዘበት ገለልተኛ ቦታ ትሁን። የምታውቀው አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይጠብቃት፤ የውሃው ከረጢት የታየበትን ሰዓትም ይጻፍ።

ለ) ከዚያ በኋላ ከዚህ በፊት የወለደች ላም በ1 ሰዓት፣ ጊደር በ2 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካላሳየች፣ ወይም ከሁለቱ የፊት እግሮችና ከአፍንጫው ሌላ የቀደመ ነገር ካለ፣ የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይጠራ።

ሐ) መሳብ ግድ ከሆነ በንጹሕ እጅ፣ ከሁለት ባልበለጡ ሰዎች፣ እርሷ በምታምጥበት ጊዜ ብቻ ይሁን።

መ) እናት ጥጃዋን ትላሰው፤ መላሷ ያደርቀዋል፣ ትንፋሹንም ያነቃቃል። እትብቱ በአይዮዲን ይነከር። እንገሩ ለቤተሰቡ ከመፍላቱ በፊት፣ 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት 3 ሊትር ያህል ያግኝ፤ መጥባት ካቃተው በጡጦ ይሰጠው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የወተቱን ሊትር በየዕለቱ ይመዘግባሉ። ጥጃው የተወለደበትን፣ የቆመበትንና እንገር የጠጣበትን ሰዓትም በዚያው መዝገብ እንዲያሰፍሩ እንጠይቃለን። ግቢያቸው ጠባብ ለሆነ አባላትም፣ ላሟ ከመውለጃዋ 2 ሳምንት አስቀድማ ገብታ የምትለምደው የጋራ መውለጃ ጋጥ ቢዘጋጅ ወጪው ከአንድ ጊደር ዋጋ ጋር ተመዛዝኖ ይታይ። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ወደ አርቢው ደጅ ሲደርሱ ስንት ሊትር እንደታለበ ከመጠየቃቸው በፊት፣ በዚህ ወር የምትወልደው ላም የትኛዋ እንደሆነች፣ ሌሊቱንም ማን እንደሚጠብቃት ይጠይቁ።