ጆሮ ለአብራሪም እንጀራ ነው

አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ብዙ ወላጅ ልጁን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። ዛሬ የልጅ ልጁ አብራሪነት ሊማር የገባለት ሰው ደስታው ወሰን የለውም። ከደስታው ጋር ግን ወጪ ይመጣል። አንዱ ሄድሴት የሚሉት የአብራሪ ማዳመጫ ነው። «ድምፅ የሚያጠፋው ውዱ ካልሆነ አይሆንም ይላል፤ እንግዛለት ወይ?» ለምትሉ መልሴ እነሆ።

ተማሪዎች በሚለማመዱባቸው እንደ ሴስና 172 ባሉ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ውስጥ ድምፁ ከ90 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሰማ ሰው የጥንቃቄው ወሰን 85 ነው። ዕድሜውን ወፍጮ ቤት የሠራ ጎረቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጮክ ካላሉለት አይሰማም። የውስጠኛው ጆሮ የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። አብራሪ ደግሞ የመስማት ምርመራ ካላለፈ የጤና ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

ማዳመጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጆሮን ጥብቅ አድርጎ በመክደን ብቻ ይከላከላል። ሁለተኛው በተጨማሪ የሞተሩን ወፍራም ጉርምርምታ በተቃራኒ ድምፅ ያጠፋል፤ ድካምም ይቀንሳል። ሆኖም እንደ ቦዝ ኤ30 ያለው ከ1,000 ዶላር ያልፋል። እንደ ዴቪድ ክላርክ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት የመጀመሪያው ዓይነት በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይገኛል። በደንብ ከከደነ ለጀማሪ ይበቃዋል፤ ለውዱ ብላችሁ በሬ አትሽጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት፦

• ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው እንዳለ፣ የአውሮፕላኖቹም መሰኪያ ምን ዓይነት እንደሆነ ልጁ ይጠይቅ። ብዙዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሁለት መሰኪያ፣ ሄሊኮፕተር ግን አንድ ነው የሚፈልገው።

• ቢቻል ግማሽ ሰዓት አድርጎ ይሞክረው። ራሱን የሚያሳምመው ከሆነ በበረራ ላይ እያላላ ጆሮውን ይከፍተዋል።

• መነጽር የሚያደርግ ከሆነ ከነመነጽሩ ይሞክረው። ወፍራም የመነጽር እጀታ ክፍተት ፈጥሮ ድምፅ ያስገባል።

• ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም። የጆሮው ትራስ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን መለወጥ አለበት።

• የስልክ ማዳመጫ፣ ድምፅ አጥፊ ቢሆንም፣ በዚህ ቦታ አይገባም።

ድምፁ አሁንም ከከበደው ከማዳመጫው ሥር ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ቢጨምር ርካሽ መፍትሔ ነው፤ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይሰማል። መጀመሪያ ግን ከአስተማሪው ጋር ይሞክረው።

እናንተ ደግሞ ስትደውሉለት አዳምጡት። ከበረራ በኋላ «ጆሮዬ ጭው ይላል» ካለ፣ ወይም «ምን አልሽኝ?» ማለት ካበዛ፣ እስኪለቀው አይጠብቅ። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይመርመር።