አስጎብኚው የሚዘልለው ተራራ

ኮሶዬ አፋፍ ላይ መኪና የሚያቆም እንግዳ ሦስት ነገር ይነገረዋል፤ ጭላዳው፣ ጅብራው፣ ገደሉ። ከዚያ አስጎብኚው ጣቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘረጋና «ያ የሰሜን ተራራ ነው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው» ይላል። ፎቶ ይነሣል፤ ጉዞ ወደ ደባርቅ ይቀጥላል። በዚያ ተራራ ላይ የራሱ ገዥ፣ የራሱ ጦርና የራሱ ሃይማኖት የነበረው ግዛት ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ አንዴ እየገበረ አንዴ እየሸፈተ፣ ከነገሥታቱ ጋር ሲተናነቅ እንደኖረ ግን አንድ ቃል አይወጣም።

አስጎብኚውን አልወቅስም። ያልተነገረውን ከየት ያምጣው? እኔም ወገራ ተወልጄ፣ ከዚህ አፋፍ ሥር ከብት ጠብቄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለ ቤተ እስራኤል የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር «ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ዓይን ለዓይን አትግጠም» የሚል ነበር። አያቴ ጀበናዋንም ምጣዷንም ከእነሱ ነው የምትገዛው። ሴትዮዋ በደጃፍ ስታልፍ ግን ልጅ በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ዓይናቸው ይበላል ትል ነበር። በእነሱ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ እየበላን እኮ ነው ይሄ ሁሉ።

እንግዲህ የምከራከረው ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው ወገን አጋኖ የሚያወራው ነው። ለእሱ ሰሜን ከጥንት ጀምሮ ያልተቋረጠ የጌዴዎኖች ዙፋን ነው፤ ዮዲትም ከዚያው ወርዳ አክሱምን አቃጠለች። ጄምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ጌዴዎንና ዮዲት የሚሉትን ስሞች ለአውሮፓ አንባቢ አሰራጨ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ እዚህ ደረሰ። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዮዲትን ከሰሜን ተራራ ጋር የሚያስተሳስር የዘመኗ ጽሑፍ ግን የለም። ተረቱ ደስ ይላል፤ ይሁን፤ ግን ሰዎቹን ከታሪክ አውጥቶ ከዘንዶና ከግዙፍ ሰው ጋር ያስቀምጣቸዋል። ተረት ለሆነ ሰው ደግሞ ማንም ዕዳ የለበትም።

ሁለተኛው ወገን የሚያሳንሰው ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ለእሱ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ዐመፅ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 ወደ ሰሜን፣ ወገራ፣ ጸለምትና ጸገዴ ጦር ላኩ፤ ዐመፀኛ ነበር። ዐፄ ይስሐቅ፣ በ1414 ነግሠው በ1429 ያረፉት፣ ወገራ ገብተው ኮሶጌ ላይ ድል አደረጉ፤ ዐመፀኛ ነበር። ኮሶጌና ኮሶዬ አንድ ስፍራ ናቸው ብዬ አልሟገትም፤ ኮሶ ዛፍ በበዛበት አገር ስሙ ለብዙ ቦታ ይበቃል። ወገራ ግን ወገራ ነው፤ አባቴ የሚያርሰው መሬት። ለመሆኑ ሦስት መቶ ዓመት የሚቆይ ሽፍታ ማነው? ምሽግ እየሠራ፣ ጦር እያዘመተ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሹመት እያወረሰ የሚኖር ኃይል ሽፍታ ሳይሆን ግዛት ይባላል። ተሸነፈ ማለት አልነበረም ማለት አይደለም።

ሩቅ አገር ላምጣ። ኖቭጎሮድ የምትባል የሩስያ ከተማ ነበረች፤ የራሷ ሸንጎ፣ የራሷ ንግድ ያላት። የሞስኮው ኢቫን ሣልሳዊ በ1478 ጠቀለላት፤ የሸንጎዋን ደወል አስወርዶ ሞስኮ ወሰደው። ታሪኳም ለረጅም ጊዜ ከአሸናፊው ጎን ሆኖ ይነበብ ነበር። በ1951 ግን ቁፋሮ ላይ የነበሩ ሰዎች ከጭቃው ውስጥ በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ የተጫረ ደብዳቤ አገኙ። ዛሬ ከሺህ በላይ ሆነዋል። ብድር የሚጠይቅ አለ፣ ለሚስቱ የሚጽፍ አለ፣ ፊደል የሚለማመድ ልጅ አለ። የተሸነፈችው ከተማ በራሷ አፍ ተናገረች። እኛስ ከሰሜን ምሽጎች ሥር ምን እንዳለ ለማየት ምን ያህል ቆፍረናል? የሰሜን ገዥዎችን የምናውቃቸው በአብዛኛው በወጓቸው ነገሥታት ዜና መዋዕል ነው።

ያም ሆኖ ዜና መዋዕሉ ከእኛ ይሻላል። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ጸሐፊ ንጉሡ በራዳይ፣ በካሌፍና በጎሼን ላይ ያደረጉትን ዘመቻ ሲጽፍ ጠላትን አይራራለትም። ራዳይ ተራሮቹን በእስራኤል ተራሮች ስም መጥራቱን እንደ ትዕቢት ቆጥሮበታል። ግን አንዲት ሴትም አልዘለለም። ተማርካ እጇ ከወታደር እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትነዳ፣ «አዶናይ» ብላ ተጣርታ ራሷን ወረወረች፤ ወታደሩንም ይዛው ወረደች። ሌሎችም እንደሷ አደረጉ። ይህን የጻፈው የንጉሡ ሰው ነው፤ ተደንቆ ነው የጻፈው። እኛ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ገደሉን ለፎቶ እያሳየን፣ እሷን መጥቀስ እንፈራለን።

የግዛቱ ፍጻሜ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ጌዴዎን የሚባለው ገዥ በ1620ዎቹ ተገደለ፤ መሬት ተወሰደ፤ ብዙ ሰው በግድ ተጠመቀ። ቅርሱ ግን አላለቀም፤ እኔ የማወራውም ስለ እሱ ነው። ከይስሐቅ ጋር የሚያያዘው ትውፊት የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይወርሳል፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሆናል የሚል ነው። ፈላሲ በግዕዝ ስደተኛ፣ አገር የሌለው ማለት ነው፤ «ፈላሻ» የሚለው ስም ከዚያው ሥር ነው። ርስት የሌለው ምን ይሠራል? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ኢየሱሳዊ አልሜዳ ጦርና ማረሻ የሚሠሩ ጎበዝ አንጥረኞች መሆናቸውን መዝግቧል። ጎንደር ስትቆረቆር ግንበኝነቱና አናጢነቱ ላይ እጃቸው ነበረበት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ መሬቱን ወሰድን፤ ከዚያ መሬት ስለሌለው በእጁ ሠርቶ ሲያድር «ጥበበኛ፣ ቡዳ» አልነው። አያቴ የፈራችው ዓይን ከጦር ሜዳ የተረፈ ነገር ነው።

«ጊዜው አይደለም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አገር በየርስቱ በሚናጥበት ሰዓት ስለ ተነጠቀ መሬት ማውራት ቤንዚን መርጨት ነው ይላሉ። ስጋታቸውን አልንቅም፤ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። ግን ማንም መሬት መልሱልኝ አላለም። በ1984 ክረምት በሱዳን በረሃ አልፈው፣ በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሆነው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው፣ አብዛኞቹ ሄደዋል። ጎንደር ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁም አሉ። ከኮሶዬ ወደ ከተማ ስትወርዱ ጎንደር መግቢያ ላይ ወለቃ አለች፤ ሸክላው ዛሬም ይሸጣል፣ ሠሪዎቹ ግን የሉም። የሄደን ሰው ስም መጥራት የማንን ማሳ ይቀንሳል?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ባለፈው ለአፋፉ የሚተከል የጎብኚዎች ሰሌዳ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ስለነበር ነው። የጠየቀኝ መሥሪያ ቤት ስሙ ይቅር። አምስት አንቀጽ ሰጠሁ፤ አራቱ ወጡ። «አምስተኛው ስሱ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ልጁ፣ እያፈረ። ሰሌዳው ላይ ያልወጣው እዚህ ይውጣ፦

«ከፊት ለፊትዎ የሚታዩት ተራሮች ከ14ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ እስራኤል ገዥዎች ምሽግ ነበሩ። ከነገሥታቱ ጋር ብዙ ጊዜ ተዋግተው በ1620ዎቹ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ መሬት አልባ ሆነው በብረትና በሸክላ ሥራ ኖሩ። የጎንደርን ግንብ ካነፁት መካከል ልጆቻቸው ይገኙበታል።»