የዕጩ መኮንኖች የአመራር ሥልጠናና የሙያ ዕድገት ከታሪክ አንጻር

በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አቅራቢያ የቆመው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልትና በ2016 ዓ.ም በፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሳሉ። ይኸውም አገርን የሚጠብቅ ሠራዊት መሪዎቹን ከየት ያገኛል የሚለው ነው።

በ1888 ዓ.ም ጦሩን የመሩት መኳንንትና የጦር አበጋዞች አመራርን የተማሩት በልምድና በአገልግሎት ነበር። የጦር መሣሪያና የውጊያ ስልት እየረቀቀ ሲሄድ ግን ልምድ ብቻውን በቂ ሊሆን አልቻለም። በመሆኑም በ1927 ዓ.ም የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሥራውን ጀመረ። ይሁን እንጂ ዕጩ መኮንኖቹ ሥልጠናቸውን ሳያጠናቅቁ በመስከረም 1928 ዓ.ም የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደረሰ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ በማምራት የጥቁር አንበሳን የአርበኝነት እንቅስቃሴ ተቀላቅለዋል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው መኮንንን ማፍራት ዓመታትን የሚጠይቅ እንጂ አደጋ ሲደርስ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ከነፃነት በኋላ ሆለታ ሥልጠናውን ሲቀጥል፣ በ1950 ዓ.ም ገደማ የተቋቋመው የሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ ወጣቶችን ተቀብሎ በሕንድ መኮንኖች መሪነት ለሦስት ዓመታት ያሠለጥን ነበር። የአካዳሚው መከፈት የመኮንኖችን የትምህርት ደረጃ ከፍ ያደረገ ቢሆንም፣ ወደ መኮንንነት የሚያስገቡት በሮች ሁለት መሆናቸው በምሩቃኑ መካከል የመራራቅ ስሜት መፍጠሩ አልቀረም።

ሥልጠና ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም ታሪክ ያስረዳል። ከፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ በሚገኘው ስድስት ኪሎ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወቅት ታግተው ሕይወታቸውን ካጡት ባለሥልጣናት አንዱ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ከሙከራው መሪዎች አንዱ ደግሞ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። ሁለቱም በሆለታ የሠለጠኑ መኮንኖች ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት ያወጣቸውን መኮንኖች በአንድ መስመር የሚያቆም፣ ከግለሰቦች በላይ የሆነ የሕግ ታማኝነት ባልጸናበት ሁኔታ የጋራ ሥልጠና መለያየትን ሊያስቀር አልቻለም።

በ1987 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ሚዛናዊ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተዋጽኦ እንዲኖረው፣ በማናቸውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆንና ተግባሩን ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ በሆነ አኳኋን እንዲያከናውን ይደነግጋል። ድንጋጌው በተግባር የሚረጋገጠው በመማሪያ ክፍልና በዕድገት ቦርድ ውስጥ ነው።

ስለሆነም የዕጩ መኮንኖች ትምህርት የውጊያ ስልትን ከሕግ፣ ከታሪክና ከአስተዳደር ዕውቀት ጋር አጣምሮ መስጠት ይኖርበታል። ከምረቃ በኋላ ያለው ምደባና የማዕረግ ዕድገትም አስቀድሞ በታወቀ መስፈርት፣ በችሎታና በሥራ ውጤት ሊመራ ይገባል። ከተራ ወታደርነት የተነሳውም ሆነ ከኮሌጅ የመጣው መኮንን እኩል የመማርና የማደግ ዕድል እንዳለው ሲያውቅ ታማኝነቱ ለተቋሙና ለሕጉ ይሆናል። ይህ መርህ ለሲቪል መሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል አስተዳደርም እንግዳ ባይሆንም፣ በሠራዊት ውስጥ ሲጓደል የሚያስከትለው ዋጋ ግን እጅግ የከበደ ነው።